የአባቴ ስቲል 070፦ ፒስተን በልዋጭ ያለው ካለ

ሰላም ለሁላችሁ።

የአባቴን የሞተር መጋዝ ላስነሳ ነው። ስቲል 070 ነው። ባለ 105 ሲሲው፣ ሞተሩ ብቻውን ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝነው፣ ሲነሳ ከወዲያኛው ጋራ የሚሰማው። ባሕር ዛፍ አገር ያደገ ሰው ድምፁን አይረሳውም። አባቴ በደርግ ጊዜ ከአንድ የደን ፕሮጀክት በጨረታ ገዛው። ከዚያ ደብረ ብርሃን ዙሪያ እየዞረ ግንድ ሲጥልና ጣውላ ሲሰነጥቅበት ኖረ። አምስት ልጆች ያደግነው በዚህ መጋዝ ነው ብል አላጋነንኩም።

አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። መጋዙ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ጥግ ተቀምጦ ነበር። ባለፈው ወር አውጥቼ ገመዱን ብስበው ንቅንቅ አላለም። ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ፈትቼ በባትሪ አየሁት። ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች ተፋፍቋል። ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ከቦያቸው ጋር ተጣብቀዋል። የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የቀለጠ አሉሚኒየም እንደ ሰም ተለጥፏል።

የምፈልገው ባለ 58 ሚሊ ፒስተን ከነፋሻው፣ የሲሊንደር ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) እና ፑንቲና (ብልጭታውን የሚያስነሳው መክፈቻና መዝጊያ) ነው። በልዋጭ የምሰጠው አለኝ። ከቁራሌው በኪሎ የገዛሁት ሌላ የሞተ 070 አለ። ካርተሩ (የሞተሩ የታችኛው ቤት) ተሰንጥቋል፤ ቮላኖው (በዘንጉ ጫፍ የሚሽከረከረው ከባድ ጎማ)፣ የማስነሻ ክዳኑ፣ ታንኩና እጀታው ግን ደህና ናቸው። ብር ሳይሆን ልዋጭ ነው የምመርጠው። እነዚህ ዕቃዎች ለሌላ 070 ይዋሉ እንጂ ቀልጠው ድስት እንዲሆኑ አልፈልግም።

(የመልሶቹ ክር በኋላ በጣም ስለረዘመ፣ ከዚህ በታች ያለውን ከነተራ ቁጥሩ በራሴ ቃል አሳጥሬዋለሁ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ሲያነብ እንዳይመሽበት ብዬ ነው።)

1. የመጀመሪያው መልስ ከአዲስ አበባ መጣ። ምናለሽ ተራ ሂድ ይላል። ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ እንጂ የመጋዝ ብዙም አታገኝም፤ ምናለሽ ተራ ግን ከፈረሰ ሞተር የወጣ ሁሉ አለ ነው የሚለው። በጠዋት ሂድ፣ ዕቃው ሳይበተን ድረስ ብሎ መከረኝ። አባቴን ነፍስ ይማር ብሎም ጨረሰ። ደስ የሚል ሰው ነው።

2. ሁለተኛው በጨዋነት ተወው አለኝ። አሮጌ ከማስነሳት አዲስ የቻይና መግዛት ይቀላል፣ ጊዜህም ብር ነው ይላል። ከልቡ እንደመከረኝ አውቃለሁ። ግን ጥያቄዬ እሱ አልነበረም።

3. ይሄኛው 1 ላይ ያለውን አረመ። ከመሄድህ በፊት ለካ፣ ካሊፐርም ይዘህ ሂድ አለ። ምክንያቱ ደግሞ ጥሩ ነው። የ070 እና የ090 አካል ለዓይን ወንድማማች ነው፤ የ070 ፒስተን 58 ሚሊ ሲሆን የ090 ግን 66 ነው። እሱ ራሱ በዓይኑ ገምቶ የ090 ፒስተን ገዝቶ ቤቱ ድረስ ይዞ ሄዷል። ዛሬም መደርደሪያ ላይ አለ፤ 090 ያለው ሰው ካለ በልዋጭ ይሰጣል። ፋሻም ስትገዛ ስፋቱን ብቻ ሳይሆን ውፍረቱን ለካ ብሎ አከለ። ውፍረቱ ከቦዩ ጋር ካልገጠመ ወይ አይገባም፣ ወይ ውስጥ እየተወዛወዘ ቦዩን ይበላዋል።

4. አንድ አዛውንት መካኒክ ጻፉ። ከአርባ ዓመት በላይ ሞተር ሲፈቱ እንደኖሩ ብቻ ነው ስለራሳቸው የነገሩን። ልጄ ብለው ጀምረው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ፒስተኑን ያስነከሰው ምንድን ነው? ፒስተን በራሱ ጊዜ አይነክስም አሉ። ምክንያቱን ሳታገኝ አዲስ ፒስተን ብታስገባ እሱንም ትቀብረዋለህ አሉኝ። ከዚያ ምልክት ሰጡኝ። ፒስተኑ ዙሪያውን ከተፋፋቀ ዘይት የሌለው ቤንዚን ጠጥቷል (የዚህ ሞተር ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀይጦ ነው የሚገባው)። በማርሚታው በኩል ብቻ ከተፋፋቀ ቤንዚን አንሶት፣ አየር በዝቶበት ግሏል። በካርቡራተሩ በኩል ከሆነ አቧራ ገብቷል፣ ፊልትሮውን እይ።

እውነቱን ልናገር፣ እስከዚያ ድረስ ይሄን ጥያቄ ለራሴ አልጠየቅኩም ነበር። ሐሳቤ ሁሉ ፒስተን ፍለጋ ላይ ነበር።

5. ከቦንጋ የጻፈ ሰው ፒስተን አለኝ አለ። ያገለገለ ነው፣ ቀሚሱ (የታችኛው ጎኑ) ግን ንጹህ ነው። ፋሻ የለውም። እሱ የሚፈልገው ቮላኖና የማስነሻ ክዳን ነው፤ የሱ 070 ከጣውላ መኪና ላይ ወድቆ ክዳኑ ተሰባብሯል። ወዲያው ተስማማን። ዕቃው በአውቶቡስ ሄዶ በአውቶቡስ መጣ። ሁለታችንም አልተያየንም፣ ሁለታችንም አልተጭበረበርንም።

6. ይሄ ደግሞ ሲሊንደሩን በአሲድ አጽዳው አለ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጥጥ እየነከሩ የተለጠፈው አሉሚኒየም ላይ መንካት ነው። ይፈላል። መፍላቱን ሲያቆም አሉሚኒየሙ አልቋል ማለት ነው፣ በብዙ ውኃ ታጥባለህ። በሁስክቫርና 272 ሠርቼ እንደ አዲስ ሆኖልኛል ይላል።

7. ክሩ መሞቅ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። 7 በ6 ላይ ተቆጣ። የምትናገረውን ሳታውቅ የሰው ዕቃ ታስገድላለህ አለው። ቁጣውን ትቼ ነገሩን ስይዘው ልክ ነው። በአሲድ የማይነካው ኒካሲል (የኒኬልና የሲሊከን ካርባይድ ሽፋን) የተቀባ ሲሊንደር ነው። የድሮዎቹ ሲሊንደሮች ብዙዎቹ በክሮም የተቀቡ ናቸው፤ ክሮምን ደግሞ ይሄው አሲድ ይበላዋል። ሽፋኑ ከተበላ ሲሊንደሩ ለዘላለሙ ሄደ። አንድ ጠብታ ወደ ማርሚታው ቀዳዳ ቢወርድም ከሽፋኑ ሥር ያለውን አሉሚኒየም ይቆፍረዋል። የሳሙና ሠሪዎች ኮስቲክ ሶዳም ይሠራል የሚል አለ፤ እሱ ክሮሙን ባይነካም የሲሊንደሩን ገላ ይበላል፣ ዓይን ላይ ቢረጭ ደግሞ ዓይን ነው የሚወስደው።

እኔ ሁለቱንም አልነካሁም። ባለ 400 የብርጭቆ ወረቀት በዘይት እየነከርኩ በጣቴ ፈተግኩት። የተለጠፈበት ቦታ ላይ ብቻ፣ ሦስት ምሽት። መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ብርማ ጭቃ ይወጣል። ከዚያ ጭቃው እየጠቆረ፣ እየቀጠነ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ጥፍሬን ከላይ ወደ ታች ሳሳልፍ የሚይዘኝ ነገር አልነበረም።

8. የኔ መልስ ነው። ለአዛውንቱ ነው የጻፍኩት። ፒስተኑን አውጥቼ አየሁት፤ የተፋፋቀው በማርሚታው በኩል ብቻ ነው። በካርቡራተሩ በኩል ያለው ግማሽ የፋብሪካው ጭረት እንኳ አልጠፋም።

9. ይሄን ሳያነብ ይሁን አንብቦ አላውቅም፣ አንዱ ስለ ዘይት አነሳ። ዘይት አንሶት ነው፤ አብዝተህ ጨምር፣ አሮጌ ሞተር ዘይት ይወዳል አለ።

10. ሌላው በትሕትና አረመው። ዘይት ባበዛህ ቁጥር በዚያው ልክ ቤንዚኑ ያንሳል። ካርቡራተሩን ካላስተካከልክ ሞተሩ ይግላል እንጂ አይቀዘቅዝም። እንደዚህ ላለው የሁለት ምት ሞተር ተብሎ በተሠራ ጥሩ ዘይት 1 ለ50፣ ማለትም በሊትር 20 ሚሊ። ተራ የሁለት ምት ዘይት ከሆነ 1 ለ25፣ በሊትር 40 ሚሊ። የመኪና ሞተር ዘይት ግን በጭራሽ።

11. ይሄኛው ጎዳኝ። ነገሩ ግልጽ ነው አለ፤ መጋዙን ያቃጠለው አባትህ ራሱ ነው፣ የድሮ ሰዎች በግምት ነው የሚቀይጡት፣ ስለ መጠን የሚያውቁት ነገር የለም ብሎ ጻፈ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አባቴ ዘይት የሚለካው በቡና ስኒ ነበር። አንድ የተሸረፈች ስኒ ነበረችው፤ ከውስጧ ቀይ መስመር አለባት። ለአንድ ሊትር ቤንዚን እስከ መስመሯ አንድ ስኒ። ልጅ ሆኜ ስኒዋን እኔ ነበርኩ የምይዝለት። እናቴ ሌላ ሰው እንዳይጠጣባት ብላ ከመጋዙ ጋር አንድ ላይ አስቀምጣት ኖሯል። ከፋርማሲ ስሪንጅ ገዝቼ ውኃ እስከ መስመሯ ሞላሁና ለካሁት። 40 ሚሊ። ልክ 40።

ፎቶውን አንስቼ ለጠፍኩት። ምንም አልጻፍኩበትም።

12. 11 መልሶ ይቅርታ ጠየቀ። ስለ አባትህ መናገር አልነበረብኝም አለ። እኔም አልያዝኩበትም።

13. አዛውንቱ ተመለሱ። በሙሉው ክር ካነበብኩት ምክር ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል፤ ስለዚህ አላሳጥረውም።

ዘይቱ ልክ ከሆነ፣ የተፋፋቀውም በማርሚታው በኩል ብቻ ከሆነ፣ ሞተሩ ከሆነ ቦታ አየር ይሰርቃል አሉ። የሁለት ምት ሞተር ካርተር መተንፈሻ የለውም። ቤንዚንና አየሩ የሚያልፈው በዚያው ነው። ፓራኦሊዮው (በዘንጉ ዙሪያ ያለው የጎማ ማሸጊያ) ከደረቀ ወይም ጓርኒሲዮኑ ከተቀደደ ያልተለካ አየር ይገባል፤ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣው ዘይትም አብሮ ይሳሳል። ሞተሩ ከመቼውም የበለጠ ፈጣን መስሎ ይጮሃል። ሰው ጎበዘልኝ ይላል፤ እሱ ግን እየሞተ ነው።

ፍተሻውን እንዲህ አሉኝ። ያለህን ሲሊንደርና ፒስተን ለጊዜው ግጠም። የማርሚታውንና የካርቡራተሩን ቀዳዳ ከከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማ ዝጋ፣ በላዩ ቆርቆሮ አድርገህ በብሎን አጥብቀው። ፒስተኑን ወደ ታች አውርደው። በካንዴላው ቀዳዳ በኩል የብስክሌት ጎማ ቫልቭ ያለው መድፈኛ አስገብተህ በብስክሌት ፓምፕ ንፋ። ግማሽ ባር ይበቃል፤ ከዚያ ካበዛህ ደህናውን ፓራኦሊዮ ራሱ ታስለቅቀዋለህ። ከዚያ የሳሙና ውኃ በብሩሽ ቀባ። ዓይንህን አትንቀል።

14. የኔ። አደረግኩት። ቮላኖውን ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የፍሪሲዮኑ (ሰንሰለቱን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው) ዳዶ ደግሞ በተገላቢጦሽ ነው የሚፈታው፤ ያንን አንድ ሰው በውስጥ መልእክት ባይነግረኝ ሰብሬው ነበር። ከዚያ ነፋሁ፤ ቀባሁ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ምንም የለም። የሲሊንደሩ ግርጌ ደህና ነው። የፍሪሲዮኑ በኩል ደህና ነው። ከዚያ በቮላኖው በኩል፣ ከፑንቲናው ሰሌዳ ጀርባ፣ አንድ ትንሽ ነጭ ነገር አየሁ። የስንዴ ፍሬ ታክላለች። እያየኋት አደገች፣ አውራ ጣቴን አከለች፣ ፈነዳች፤ ሌላ ተተካች።

የአባቴ መጋዝ የሞተው በዚያች ቀዳዳ ነው። ጎማው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። በካቻቢቴ ስነካው እንደ ገል ተፈረፈረ።

15. ከአንድ ኩሽኔታ መሸጫ የሚሠራ ልጅ ረዳኝ። ፓራኦሊዮ ለመግዛት የመጋዙን ስም መጥራት አያስፈልግም አለ። ፊቱ ላይ ሦስት ቁጥር ተጽፎበታል፤ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። ቁጥሩን ይዘህ የትኛውም ኩሽኔታ ቤት ሂድ። ቁጥሩ ከጠፋ ዘንጉንና ቤቱን በካሊፐር ለካ። ቤንዚንና ሙቀት የሚችለውን ብለህ ጠይቅ፣ ርካሹን አትውሰድ። በሁለቱም በኩል በአንድ ጊዜ ቀይር፤ አንዱ ካረጀ ሌላውም ዕድሜው ያው ነው። ሁለቱንም አገኘሁ።

16. ከሲያትል አንድ ወገናችን ጓርኒሲዮንና አዲስ ፋሻ በሰው እልክልሃለሁ አለ። ለልዋጭ የጠየቀኝ ነገር አንድ ኪሎ የደብረ ብርሃን በሶ ነው። ለሚልኩ ሰዎች ያስጠነቀቀው ነገር ጠቃሚ ነው። ፒስተን፣ ፋሻ፣ ጓርኒሲዮን በሻንጣ ችግር የለባቸውም። ቤንዚን የገባበት ሞተርና ታንክ ግን ለአውሮፕላን እንደ አደገኛ ዕቃ ነው የሚታየው፣ ሽታው ብቻ ያስጥለዋል። ያገለገለ ካርቡራተር ለመላክ አትሞክሩ ብሏል።

17. ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። አንድ ሰው ገብቶ ይሄ መጋዝ ተጠግኖ ምን ሊሠራ ነው አለ። አገሪቱን መላጣ ያደረጓት እነዚህ ማሽኖች ናቸው፣ ድስት ቢሆን ይሻል ነበር አለ። ኃይለ ቃል ነበረው።

18. ሌላው መለሰለት። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ጊዜ የመጣው አዲስ አበባ ማገዶ ስላለቀባት ነው፣ ተቆርጦም ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ እሱ ባይኖር ጽዱና ወይራው ከዚህ በፊት ባለቀ ነበር ይላል።

19. 17 ደግሞ ምንጭ የሚያደርቀውስ ማን ነው ብሎ መጣ። ሁለቱ ስድስት ሰባት ጊዜ ተመላለሱ፤ ያንን ትቼዋለሁ። የኔን ግን ልናገር። 17 ያነሳው ጉዳይ ከባድ ነው፣ አልንቀውም። አባቴ የቆረጠው ሰው የተከለውን ባሕር ዛፍ ነው። እኔም የምቆርጠው የራሳችንን ነው። አገር በቀል ዛፍ ላይ ይሄ ሰንሰለት አያርፍም።

20. አንዱ ወደ ሥራው መለሰን፣ ስለ ፑንቲና። አዲስ ከመግዛትህ በፊት ያለውን በወፍራም ወረቀት ጥረገው፣ ክፍተቱን ወደ 0.4 ሚሊ አስተካክል አለ። ፑንቲናው እየተቃጠለ ከጠቆረ ጥፋቱ የኮንደንሰሩ ነው። የሱ ኮንደንሰር ሲሞት ከአሮጌ ቮልስዋገን ነቅሎ፣ ውስጥ ስለማይገባ ከውጭ በሽቦ አስሮ ቀጠለው። አራት ዓመት ሠርቶበታል። እኔም ከጎረቤት ግቢ ከቆመች ቮልስ ለምኜ አንድ አገኘሁ። ያለ እሱ ብልጭታው ቢጫና ሰነፍ ነበር። እሱ ሲገባ ሰማያዊ ሆነ።

21. አንዲት ነርስ ጻፈች። የሷ ቃል ጠንካራ ነበር፣ መጠንከርም ነበረበት። ሁላችሁም ስለ ፒስተን ታወራላችሁ፣ ይሄ መጋዝ የሰንሰለት ፍሬን እንደሌለው አንድ ሰው እንኳ አላነሳም አለች። የመሪ ብረቱ አፍንጫ የላይኛው ጥግ ግንድ ከነካ መጋዙ ወደ ያዘው ሰው ፊት ተወርውሮ ይመለሳል። አዳዲሶቹ ላይ የፊተኛው መከላከያ እጅ ሲነካው ሰንሰለቱን ያቆመዋል፤ በዚህኛው ግን የሚያቆመው የለም። አንገትና ትከሻ ላይ የመጣ ቁስል ስንት ጊዜ እንዳሰፋች ነግራናለች፤ ዝርዝሩን አልደግመውም። በአፍንጫው አትቁረጥ፣ ከትከሻ በላይ አታንሳው፣ ብቻህን አትሥራ፣ የተገነጠለ ነጠላ ጫማ አድርገህ እንዳላይህ።

ሦስት ሰው እኛ ሃያ ዓመት ሠርተን ምንም አልሆንንም ብሎ መለሰላት። እኔ ከሷ ጋር ነኝ። አባቴ ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት አልነበረውም።

22. የኔ። ገጠምኩት። የፒስተኑ አናት ላይ ያለው ቀስት ወደ ማርሚታው፣ የፋሻዎቹ ጫፍ ደግሞ ቦዩ ውስጥ ካለችው ትንሽ ፒን ላይ። ሁለቱም የካርቡራተር ብሎኖች ከተዘጉበት አንድ ዙር ተፈትተው ጀመርኩ። ቤንዚኑን በዚያችው ስኒ ቀየጥኩት።

እናቴ በር ላይ በርጩማ ይዛ ወጥታ ተቀመጠች። በአምስተኛው ስቦ አንዴ ሳል አለ። በሰባተኛው ገመዱ ከእጄ መንጭቆኝ ወጣና ተነሳ። ግቢው ጭስ በጭስ ሆነ። ውሻው አጥር ዘለለ። እናቴ አልተናገረችም፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም ብላ አየችው። የኤች ብሎኑን (ከካርቡራተሩ ብሎኖች በከፍተኛ ፍጥነት ቤንዚን የሚለካውን) ትንሽ ፈትቼ ጩኸቱን ዝቅ አደረግኩት፤ ከመሳሳት መወፈር ይሻላል ብለውኛልና። አሥር ደቂቃ ሠርቶ አጠፋሁት። ማርሚታውን ፈትቼ በባትሪ አየሁ። ፒስተኑ ንጹህ ነው።

23. አዛውንቱ አንድ መስመር ብቻ ጻፉ። ሁለት ታንክ ቤንዚን በለስላሳው አሠራው፣ ከዚያ ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጥብቅ አሉ። አድራሻቸውን ጠይቄያቸው ነበር፤ በሶ ልልክላቸው። እስካሁን አልመለሱልኝም። ጋሼ፣ ይሄን ካዩት እባክዎ ይጻፉልኝ።

24. ለሰንሰለቱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ልጠቀም ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ሁሉም የሚያደርገው ስለሆነ። አይሆንም ተባልኩ። ውስጡ የብረት ብናኝ አለው፣ ፓምፑን ይበላል፣ ቆዳ ላይም እየረጨ ይጎዳል። አዲስ ወፍራም ዘይት ይሁን።

25. የመጨረሻው ዛሬ ጠዋት የገባ ነው። ከአንኮበር ነው፣ ታንኩና እጀታው ገና አሉ ወይ ይላል። በምትኩ ባለ 5.5 ሚሊ ክብ ሞረድና ግማሽ ያለቀ የነጥብ 404 ሰንሰለት አለው። አሉ፣ ወንድሜ። ቅዳሜ ለገበያ ከመጣህ መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅሃለሁ።